ማንም ያልጠየቀው መልስ

አስከሬኑ በቴሌቪዥን ጣቢያው የሜካፕ ክፍል፣ ወደ ኋላ በተንጋለለ ወንበር ላይ ተኝቷል። እርጥብ ፎጣ ደረቱ ላይ ወድቋል። ከግድግዳው ወዲያ ስቱዲዮው ውስጥ የምርጫው ክርክር ገና አላለቀም፤ ስለ መንግሥት ወጪና ስለ ግብር ለሚለፈለፈው ሁሉ የሚቸረው ጭብጨባ እስከዚህ ይሰማል።

«ክርክሩን ለምን አላስቆማችሁትም?» አለች መርማሪዋ።

«የቀጥታ ስርጭት እኮ ነው» አላት የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ክራቫቱን እያስተካከለ። «ሟቹ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ሆና አይደለም፤ እንዲያውም ደንዳና ሴት ናት። ውሸት ስትሰማ ስለምትወጋ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሌባና ነፍሰ ገዳይ ስትመረምር ኖራ፣ ሌባ ሲያዝ ቢያንስ አንገቱን እንደሚደፋ ታዝባለች። ፖለቲከኛ ግን ሲያዝም ለካሜራው ፊቱን ያሳምራል፤ ስለዚህ ከሁሉም አብልጣ የምትንቀው እሱን ነው።

ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀ። «ታፍኖ ነው የሞተው። ሳንባው ድሮም ደካማ ነበር። አንድ ሰው ፎጣውን ፊቱ ላይ ትንሽ ተጭኖ ከያዘው በቂ ነው።»

ሟቹ የምጣኔ ሀብት አማካሪ ነበር። ገንዘብ ሚኒስትሩ ለዓመታት በምክር ቤት ያነበበውን የበጀት ንግግር ሁሉ የጻፈለት እሱ ነው። ዘንድሮ ተቀያይመው፣ ሚኒስትሩን ለሚፎካከረው ነጋዴ አማካሪ ሆነለት። ከክርክሩ በኋላ ትንታኔ ሊሰጥ ስለነበር ነው ወንበሩ ላይ የተገኘው።

«ገዳይዋን ይዘናታል» አለ ሥራ አስኪያጁ ኩራት ቢጤ እየተሰማው። «ሜካፕ ሠሪያችን ናት። ፎጣው የእሷ፣ ክፍሉ የእሷ፣ ጠዋት ደግሞ ተጣልተዋል። ገና ክርክሩ ሳይጀመር ነው ሬሳው ላይ ያገኘናት። ድምፅ መቅጃው ክፍል ቆልፌባታለሁ።»

«ለምን እዚያ?»

«ብትጮህ አይሰማማ! ያ ክፍል ድምፅ አያስወጣም፣ አያስገባም።»

መርፌ ሰውየውን ከጫማው እስከ ክራቫቱ አየችውና ቁልፉን ተቀበለችው።

ሜካፕ ሠሪዋ ወለሉ ላይ ተኮራምታ ነበር። በሩ ሲከፈት ከመቅጽበት ተነሳች። «እመቤቴ፣ ልጄን ጎረቤት አስቀምጫት ነው የወጣሁት። ካሰራችሁኝ ማን ያነሳታል? አባቷ እንደሆነ የውሃ ሽታ ሆኗል!»

«ቁጭ በይ እህቴ። ከሰውየው ጋር ተጣልታችኋል?»

«እሳቸው ሰደቡኝ፣ እኔ ዝም አልኩ። ሸሚዛቸውን ቅባት አስነካሁባቸው። በኋላ ግን ራሳቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። ጢማቸውን ስላጫቸው ደስ ብሏቸው ነበር።»

«ምን አስደሰታቸው?»

«ሐሳብ መጣልኝ አሉ፤ እዚያው ወንበሩ ላይ። ‹ሁለተኛ የመንግሥት መኪና የያዘ ባለሥልጣን፣ ለሁለተኛዋ ከገዛ ደሞዙ ግብር ይክፈል ብንል ሕዝቡ በደስታ ያብዳል› አሉኝ። ለነጋዴው አልነገሩትም ወይ ስላቸው፣ ‹አፉ ወንፊት ነው፤ በእረፍቱ ሰዓት ጆሮው ላይ ጣል አደርግለታለሁ› ብለው ሳቁ።»

«ስልክ ደውለው ለሌላ ሰው ነግረው ይሆን?»

«በምን ስልክ? የቀጥታ ስርጭት ቀን ጥበቃዎቹ የሁሉንም ስልክ በር ላይ ይሰበስባሉ። ከዚያ ፓውደሩ አለቀብኝ። ፎጣውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርጌ ከላይ ፎቅ ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ ያሸለቡ መስሎኝ… ፎጣውን ሳነሳው ጮህኩ።»

«ይህን የመኪና ነገር ለማን ነገርሽ?»

«ማን ጠየቀኝ? ጎትተው እዚህ ከተቱኝ።»

«እንግዲያው አሁንም ለማንም እንዳትነግሪ።»

ክርክሩ ሲያልቅ መርፌ ባለጉዳዮቹን አንድ በአንድ ጠራቻቸው። መጀመሪያ የገባችው አወያይዋ ናት፤ የሟቹ የቀድሞ ሚስት።

«በጣም አዝኛለሁ» አለች። «ግን አላለቅስም፤ ማታ ዜና አነባለሁ፣ ዓይኔ ይቀላል።»

«ከክርክሩ በፊት የት ነበሩ?»

«ስቱዲዮ ውስጥ፣ ማይክሮፎን ተሰክቶልኝ፣ ከካሜራ ሠራተኞቹ ጋር። ለቅጽበት አልወጣሁም።» ሠራተኞቹ ሁሉ ይህንኑ አረጋገጡ።

ነጋዴው ላቡን እየጠረገ ገባ። «ከስቱዲዮው ጀርባ ብቻዬን ንግግሬን እየሸመደድኩ ነበር። ደግሞስ ለምን እገድለዋለሁ? እስቲ ነገ ምን ብዬ ልናገር ነው?» በዚህ ምርጫ ሰሞን ከአፉ የወጣ ብቸኛው እውነት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ወዲያው ግን አመሉ አገረሸበትና፣ «ያቺ ሴት ናት፤ ሕግ ይፍረድባት!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ።

ሚኒስትሩ ሳይጠየቅ ተቀመጠ። «እኔ ሜካፕ ክፍል ረግጬ አላውቅም። የምሠራ ሰው እንጂ የምኳኳል ሰው አይደለሁም። እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።»

«ከሟቹ ጋር ዛሬ ተነጋግራችኋል?»

«ከተለያየን ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም። ሴትዮዋን ይዛችኋት የለም እንዴ? ሌላ ምን ቀራችሁ?»

ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ወሩን ሙሉ በአንዲት ነገር እንኳ አልተስማሙም ነበር፤ ሁለት ሁለት ቢደመር ስንት ነው ቢባሉ ይጣላሉ። አንዲት ደሀ እናት ትታሰር በሚለው ግን ሳይመካከሩ ተስማሙ። መርፌ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሄደችና የክርክሩን ቅጂ አስከፈተች።

አወያይዋ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሰነዘረችው ለሚኒስትሩ ነው፤ የበጀቱ ጉድለት ለምን ሰፋ የሚል። ሚኒስትሩ ጉድለቱን እንደ ጉድጓድ ዘለለውና ጣቱን ቀሰረ። «የባለሥልጣን መኪና ላይ ግብር ይጣል የሚሉ አሉ! መኪና እኮ የሥራ መሣሪያ ነው! አናጢ ለመዶሻው ግብር ይከፍላል?» አዳራሹ አጨበጨበ። ነጋዴው ዓይኑን አፍጥጦ፣ «ኧረ እኔ እንደዚያ አላልኩም» ሲል ይታያል። አወያይዋም ግራ ገብቷት ወረቀቷን ታገላብጣለች።

«እስቲ መልሰው» አለች መርፌ ባለሙያውን። ደግማ አየችው። ከዚያም ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ እንዲሰበስቡላት አዘዘች።

መብራቶቹ ገና አልጠፉም። ተወዳዳሪዎቹ ከልማድ የተነሳ ከየአትሮኖሳቸው ኋላ ቆሙ፤ ማንም ግን እዚያ ቁሙ አላላቸውም። ሜካፕ ሠሪዋ ሽርጧን እንደታጠቀች በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀመጠች። መርፌ መሀል ላይ ቆመች።

«አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ሐሳብ አፈለቀ» ብላ ጀመረች። «የመኪና ግብር። ስልክ የለውም። ለራሱ ተወዳዳሪ እንኳ አልነገረም። ነጋዴው እንዳልሰማ ደግሞ ስቱዲዮው ሁሉ አይቶታል፤ እንዲህ የሚደነግጥ ተዋናይ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ የተሻለ ውሸት ይዋሽ ነበር።»

«ይህ ስድብ ነው!» አለ ነጋዴው።

«አዎ። ሐሳቡን የሰማችው ይህች ሴት ብቻ ናት። ክርክሩ ሳይጀመር ድምፅ በማያስገባ ክፍል ስለተቆለፈባት ከመድረኩ ሰምታ ልትፈጥረው አትችልም። ሥራ አስኪያጁ በጭካኔው ጥሩ ምስክር አደረጋት። እንግዲህ እሷ ለፓውደር ስትወጣ ሌላ ሰው ገብቷል፤ ሟቹም ነግሮታል። ክቡር ሚኒስትር፣ ማን ነገረዎት?»

ሚኒስትሩ ፈገግ አለ። «እንዲህ ያለ ወሬ ከተማው ውስጥ ሞልቷል። ተራ አሉባልታ ነው።»

«ይሆናል። ሐሳቡም ተራ ነው» አለች መርፌ እጇን እያወዛወዘች። «ባለሥልጣን በያዘው መኪና ሁሉ ላይ ግብር! ማን ይቀበለዋል? ዝም ቢሉት በራሱ ጊዜ ይሞት ነበር። አስተዋይ ተከራካሪ ቢሆኑ ኖሮ በዚህ አይደክሙም ነበር።»

የሚኒስትሩ አንገት ቀላ። ነፍሰ ገዳይ ቢሉት ይችለው ነበር፤ አስተዋይ ተከራካሪ አይደለህም መባል ግን አንጀቱን አቃጠለው።

«እርስዎ ምን ያውቃሉ?» አለ አትሮኖሱን እየደበደበ። «ሁሉም መኪና ላይ ቢሆን እኮ ስቄ አልፈው ነበር! አደገኛ ያደረገው ሁለተኛዋ ላይ ብቻ መሆኑ ነው! ያን ሕዝቡ…»

ንግግሩን አቋረጠ። ሜካፕ ሠሪዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሁለተኛዋ» አለች መርፌ። «በመድረክ ላይ አላሉትም፤ ቅጂው ይመሰክራል። እኔም አሁን አልነገርኩዎትም። ያንን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ የተናገረው፣ ስትላጨው የሰማችው፣ እና የገደለው። መልሱን በልብዎ ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። ጥያቄው ግን ከጠያቂው ጋር ሞቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር፤ እርስዎ ግን ያዘጋጁት መልስ እንዲባክን አንጀትዎ አልቻለም።»

ሚኒስትሩ ቆሌው ተገፈፈ። ሲናገር ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ልታረቀው ነበር የገባሁት። ሳቀብኝ። ‹የምትናገረውን ሁሉ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ፤ ለዚህኛው ምን ትመልሳለህ?› አለኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ… እያናገርኩት ፎጣውን መልሶ ፊቱ ላይ ሸፈነው! ሚኒስትር እያናገረው!» ዙሪያውን ቃኘ። «መልሱ ኮሪደር ላይ መጣልኝ። ጥሩ መልስ ነበር፤ አጨብጭበዋል እኮ፣ አይደለም?»

ፖሊሶቹ ሜካፕ ሠሪዋን ትተው ወደ እሱ ተጠጉ፣ ይዘውትም ወጡ።

«ኢንስፔክተር» አለ ነጋዴው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያ የሁለተኛዋ መኪና ሐሳብ፣ እንግዲህ የእኔ ነው ማለት ነው?»

መርፌ ጀርባዋን ሰጠችው። ነጋዴው ግን ጊዜ አላጠፋም፤ ለካሜራው የሐዘን መግለጫ ልስጥ ብሎ ፊቱን አጠቆረ። ሥራ አስኪያጁም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሜካፕ ሠሪዋ ዞረ። «በይ ቶሎ በይ፤ ግንባራቸው ያብለጨልጫል፣ ትንሽ ፓውደር አድርጊላቸው።»

ሴትዮዋ ሽርጧን ፈታችና ክንዱ ላይ አንጠለጠለችለት።

«ልጄን ላነሳ ነው» አለች። «አንተ ቀባው።»

በሥራ ዘመኗ ሁሉ አንተ ብላው አታውቅም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሽርጡን እንደያዘ ቀረ፤ እሷም በሩን ሳትዘጋው ሄደች።