ያልተቀየረው ቱቦ

መርማሪዋ ጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ስትገባ አንድ ሰው ሞቶ ሁለተኛዋ ልትሞት ነበር። የሟቹ ልጅ ነርሷን ግድግዳ ላይ አጣብቆ አንቋታል። «አባቴን ገደልሽው!» ይላል። መርማሪዋ ክርኑን በሽጉጧ እጀታ አቀመሰችው፤ ሲለቃት ነርሷ ደም እየተፋች ወደቀች። መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ቆንጥር» የሚሏት እንዲያው አይደለም፤ ከያዘች ሳትቧጭር አትለቅም።

ሟቹ ጠዋት ልቡን በቀዶ ሕክምና የታከመ ሰው ነው። ደም ሲያጥለቀልቀው ቀዶ ሐኪሙ ደረቱን እዚያው አልጋው ላይ ዳግም ከፍቶ ነበር። ጓንቱ እስከ ክርኑ ደም ነው።

«የተበጠሰ የደም ሥር ፈልጌ አጣሁ» አላት። «ከየቦታው ይፈስሳል፤ አልረጋ አለ።»

«ምን ሰጣችሁት?»

«ከጨው ውሃ በቀር እንዳይሰጠው አዝዣለሁ። ስታርች ያለበት ፈሳሽ አለን፤ የወረደ የደም ግፊት ያነሳል፣ ግን ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ነክተነው አናውቅም። ቀዶ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ እኔና ማደንዘዣ ሐኪሙ ጋ ነው።»

ማደንዘዣ ሐኪሙ የሟቹ ሚስት ወንድም ነው። ጥጉ ላይ፣ እጇ በጄሶ የታሰረውን እህቱን ደግፎ ቆሟል።

መርማሪዋ ነርሷ አጠገብ ተንበረከከች። «ምን ሰቀልሽለት?»

«የጨው ውሃ፣ እናቴ ትሙት! ግፊቱ ሲወርድ ደም ላመጣ ሮጥኩ። ሁለቱ ሐኪሞች አጠገቡ ነበሩ።»

«የፈሳሹን ከረጢት ስትቀይሩ ቱቦውስ?»

«አብሮ ይቀየራል። ካልቀየርን አለቃችን ቆዳችንን ትገፍፈናለች። ቀዶ ክፍል ግን ጥድፊያ ስለሆነ ከረጢቱን ብቻ ነቅለው ሌላ ይሰካሉ።»

ቆንጥር ሁሉንም አልጋው ዙሪያ ሰበሰበች። የተሰቀለው የጨው ውሃ ከረጢት ሙሉ ነው፤ ጠብታ አልወረደም። ቱቦው ውስጥ የቀረውን ፈሳሽ ሳህን ላይ አንጠባጥባ የቁስል አዮዲን ጨመረችበት። ቀለሙ ወይን ጠጅ ሆነ። የከረጢቱ ውሃ ላይ ስትጨምር ግን እንዲያ አልሆነም።

«ስታርች ነው፤ አዮዲን ያሳብቅበታል» አለች። «ሰውየውን የገደለው ከረጢት ተነስቶ ይሄኛው ተሰቅሏል። ነርሷ ብትሆን ቱቦውንም በቀየረችው፤ ቁልፍም የላትም። ይህ የቀዶ ክፍል ልማድ ነው።»

«እኔን ነው?» አለ ቀዶ ሐኪሙ።

«እርስዎ እጅዎ ደረቱ ውስጥ ነበር። ቢነኩት ከረጢቱ በደም በተጨማለቀ። ንጹሕ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ማደንዘዣ ሐኪሙ ዞረ።

«የእህቴን እጅ እዩት!» ብሎ ጮኸ። «ባሏ ሁለቴ ሰበራት! ቀጥሎ አንገቷ ነበር!»

እህቱ ከክንዱ ወጣች። «ለእኔ ብለህ ነዋ! ይህቺ ነርስ ዓይንህ እያየ ስትታነቅ ለማን ብለህ ዝም አልክ?»

ሴትዮዋ ወደ ልጇ ዞራ እጆቹን አየች።

«የአባቱ እጅ ነው» አለች ለመርማሪዋ። «ወንድሜንም ልጄንም ይውሰዱልኝ።»

«እማዬ!»

እሷ ግን በደህናው እጇ ነርሷን ከወለሉ እያነሳች ነበር።