የንግሥቲቱ መኝታ ቤት መስኮት

«አንዴ ብቻ! ንግሥቲቱ ራሷን ባየችበት መስታወት ራሴን ሳላይ ከዚህ ቤት አልወጣም» አለች ሬዲዮ። አንድ እግሯ ጎብኚ እንዳያልፍ ከተዘረጋው ቀይ ገመድ ወዲያ ተሻግሯል።

«ኧረ ተመለሺ በናትሽ! አክስቴ አሁን ትመጣለች» አለች ጭምት፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል።

«አክስትሽ አሮጊቷን ደግፋ ኮሪደር ላይ ናት። አታካብጂ!»

ሬዲዮ እንዲህ የተባለችው ማጥፊያዋ ስለማይገኝ ነው። አስተማሪው ኤክስ ሲያደርግባት እስኪደወል ድረስ ተከራክራ ግማሽ ማርክ የምታስመልስ ልጅ ናት። ጭምት ደግሞ ቅጽል ስሟ በልኳ የተሰፋ ነው። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው፣ አንዷ እያወራች ሌላዋ እየሰማች ስምንተኛ ክፍል ደርሰዋል። ሦስተኛው ጓደኛቸው ቀጮ፣ «አልጋ ምኑ ይጎበኛል? እኛም ቤት አለ» ብሎ ከሌሎቹ ጎብኚዎች ጋር ወደ ንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ቀድሟቸዋል።

ቤተ መንግሥቱን በነፃ እንዲጎበኙ ያስፈቀደችላቸው የጭምት አክስት ናት። የንግሥቲቱ መኝታ ቤት ጠባቂ ናት፤ የክፍሉ ቁልፍም ኃላፊነትም በእጇ ነው። ቅድም አንዲት አሮጊት ጎብኚ አዙሯቸው ግድግዳ ሲደገፉ አክስት ክንዳቸውን ይዛ ወጣች። ስትወጣም ዞር ብላ፣ «ዓይንሽን ከዕቃዎቹ እንዳትነቅዪ፤ እሺ የኔ ልጅ?» አለቻት። ጭምትም ደረቷን ነፍታ «እሺ» ብላ ነበር። ይኸው እሺታዋ!

ሬዲዮ መስታወቱ ፊት ቆማ ጉንጯን ነፋች፣ አንገቷን ሰበቀች፣ የማታውቀውን የንግሥት አካሄድ ሄደች። ጭምት እየፈራችም ቢሆን ሳቋ መጣ። ሬዲዮ «እጅ ንሺ እንጂ አንቺ አገልጋይ!» ብላ ዞር ስትል ግን እንደ ጎብኚ ሁሉ ከጫማዋ በላይ ያጠለቀችው ጨርቅ በሰም በተወለወለው ወለል ላይ አዳለጣት። ጀርባዋ ላይ ያለው ቦርሳ የመኳኳያ ጠረጴዛውን ጠረገው፤ የንግሥቲቱ የፊት ዱቄት ዕቃ ክዳን ምንጣፉ ላይ ዱብ አለ።

ድምፁ ይህን ያህል አልነበረም። ክዳኑም አልተሰበረም። ክዳኑ ላይ ለመያዣ ተብላ የተሠራችው ነጭ የሸክላ ወፍ ግን ራሷ ከአንገቷ ተለይቶ ለብቻው ተንከባለለ።

ሬዲዮ ዝም አለች። ጭምት ክው ብላ ቀረች። ጓደኛዋ አፏን ከፍታ ቃል ሲጠፋት ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ እሱ ራሱ ከስብራቱ በላይ አስፈራት።

«ጉድ ሆንን» አለች ሬዲዮ በመጨረሻ። ተንበርክካ ክዳኑን አነሳች፤ ዕቃው ላይ ከደነችው። ከዚያ ትንፋሿን ውጣ የወፏን ራስ በሁለት ጣቶቿ ይዛ አንገቷ ላይ አስቀመጠችው። ቀጥ ብሎ ቆመ። በገመዱ ላይ ዘላ ተመለሰችና «አየሽ? ከዚህ ሲያዩት ምንም አይመስልም። እንዲያውም ድሮም የተሰነጠቀ ነበር፤ ስንት ዘመን የኖረ ዕቃ እኮ ነው» አለች። ክርክሯ እዚያው አለቀባት። «አባቴ… ታውቂያለሽ አይደል?»

ጭምት ታውቃለች። ባለፈው ሴሚስተር ሬዲዮ ቤተ ሙከራ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ጥላ ሰብራለች። አባቷ ትምህርት ቤት ተጠርተው ሲመለሱ አልጮሁም፤ ይህ ነው ክፋቱ። «አንድ ጥፋት ብትደግሚ ሻንጣሽን ይዘሽ አጎትሽ ጋ ትሄጃለሽ፤ እዚያው ትማሪያለሽ» ነው ያሉት። አጎቷ የሚኖሩት ሌላ ከተማ ነው። አባቷ ደግሞ ያሉትን የማይረሱ ሰው ናቸው።

የአክስት ኮቴ በኮሪደሩ ተሰማ። ክፍሉ ገብታ ከንግሥቲቱ አልጋ ጀምራ ዓይኗን ማዞር ጀመረች፤ ግን ልቧ ከአሮጊቷ ጋር ቀርቷል።

«ውኃ ሰጥቼ አስቀመጥኳቸው። ብቻቸውን ምን አስወጣቸው! ሁሉ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለች ጭምት።

«ሙሉ ነው ልበል?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በዚያ ቤተ መንግሥት ፀሐይ ጨርቁንና ሥዕሉን ስለሚያደበዝዘው መስኮት ሁሉ ዝግ ነው የሚውለው። ጎብኚ ሲገባ የክፍሉ ጠባቂ አንድ መስኮት ይከፍታል፤ ሲወጣ ዕቃው በሙሉ በቦታው መሆኑን አይቶ ይዘጋና ለቀጣዩ ክፍል ጠባቂ «ሙሉ!» ብሎ ይጣራል። ከዚያች ቃል በኋላ ለሚገኘው ጉድለት ተጠያቂው ጠሪው ነው። ሳያይ «ሙሉ» ብሎ የተገኘ ሰው በማግስቱ ሥራ አይገባም። አክስት ይህን እቤት እራት ላይ ስታወራ ኩራቷ ሌላ ነው፤ ጭምት በቃሏ ይዛዋለች።

ሬዲዮ ከኋላዋ እጇን ጭብጥ አደረገቻት።

«ሙሉ ነው» አለች ጭምት።

አክስት መስኮቱን ዘጋች። ክፍሉ ጨለመ። «ሙሉ!» ብላ ስትጣራ ድምፅዋ እንደወትሮው ጥርት ያለ ነበር።

በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ምን እንዳዩ ቢጠየቁ አንዳቸውም አይመልሱም። ደረጃውን ወርደው፣ የጨርቅ ሽፋኑን ከጫማቸው ላይ አውልቀው ቅርጫት ውስጥ ጥለው ወደ ግቢው ወጡ። ቀጮ አግዳሚ ወንበሩ ጋ ሲደርሱ፣ «ዙፋኑ ላይ ያስቀምጡናል ስል ጭራሽ በጨርቅ ጫማ ወለል አስወለወሉን እኮ!» አለ። ማንም አልሳቀለትም። «ምን ሆናችኋል? ጠኔ ነው፤ ፊታችሁ ላይ ያስታውቃል። አይስክሬም ላምጣ» ብሎ ሄደ። የቀጮ መድኃኒት ለማንኛውም በሽታ አንድ ነው።

እሱ እንደሄደ ሬዲዮ፣ «አለቀ። ማንም አያውቅም» አለች።

ጭምት አልመለሰችም። ቀና ብላ ፎቁን እያየች ነበር። ከአግዳሚው ላይ የላይኛው ፎቅ መስኮቶች በሙሉ ይታያሉ፤ ሁሉም ዝግ ናቸው። በመግቢያው በር በኩል ደግሞ ሚጢጢ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እየተገፋፉ ሲገቡ ታዩዋት። መምህራቸው «ቀስ! ሩጫ የለም!» ትላለች፤ የሚሰማት የለም።

ብዙም ሳይቆይ የዙፋኑ አዳራሽ መስኮት ተከፈተ። ከሱ ቀጥሎ ንጉሡ ድግስ ያበሉበት የግብር አዳራሽ ነው። ከዚያ የንግሥቲቱ መኝታ ቤት።

«እነዚያ ልጆች ሲረግጡ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። የወፏ ራስ ይወድቃል» አለች ጭምት።

«ይውደቅ! ልጆቹ ናቸው ይባላላ። ትንንሽ ልጆች ናቸው፤ ማን ምን ያደርጋቸዋል?»

«አንዳቸው ያለቅሳል። አላደረግኩም ሲል ማን ያምነዋል? ደግሞ ልጆቹ ሳይገቡ አክስቴ ብታየውስ? ወይ የቤተ መንግሥቱ ኃላፊ? ሙሉ ብላለች እኮ!»

«ታዲያ ማን አስባላት?» አለች ሬዲዮ። «እኔ ነኝ? አንቺ ነሽ ሙሉ ነው ያልሻት!»

ጭምት በጥፊ የተመታች ያህል ደነገጠች። የደነገጠችው ሬዲዮ ስለዋሸች አልነበረም፤ እውነቷን ስለሆነ ነው። ወፏን የሰበረችው ሬዲዮ ናት። የአክስቷን ቃል ያበላሸችው ግን ራሷ ጭምት ናት፤ ለዚያውም አደራ ተሰጥቷት። አክስት ሳታይ የጠራችው ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። የእህቷን ልጅ ስላመነች ነው።

ሬዲዮ ወዲያው ተጸጸተች። «እንደሱ ማለቴ አይደለም… ፈርቼ ነው። አጎቴ ጋ ማንንም አላውቅም። እዚያ ከማን ጋር ነው የምቀመጠው? አንቺስ ከማን ጋር ትቀመጫለሽ?» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ጭምትም በመስከረም ዴስኩ ላይ ብቻዋን ስትቀመጥ ታያት። ዝም ብትል ምን አለበት? ዝምታ እንደሆነ ለሷ አዲስ አይደለም። ምናልባት የወፏ ራስ አይወድቅ ይሆናል። ምናልባት ዛሬ ማንም አያይ ይሆናል፤ ነገ ቢታይ ማን እንደሰበረው በምን ይታወቃል? አዎ፣ ዝም ይሻላል።

የዙፋኑ አዳራሽ መስኮት ተዘጋ። የግብር አዳራሹ ተከፈተ።

ጭምት ብድግ አለች።

«የት ነው?» ሬዲዮ ክንዷን ያዘቻት።

«ላይ።»

«ልትናገሪብኝ?»

«ያንቺን አልናገርም። የኔን ነው የምናገረው።»

«ያው ነው እኮ! አንቺ ከተናገርሽ ያው ነው!»

ምናልባት እውነት ያው ይሆን ይሆናል። «ክንዴን ልቀቂኝ» አለች ጭምት ቀስ ብላ፤ ሬዲዮም ለቀቀቻት።

መውጫው በር ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ። «በዚህ መውጣት እንጂ መግባት የለም።»

«የንግሥቲቱ ክፍል ጠባቂ የእህት ልጅ ነኝ፤ በጣም ቸኩያለሁ!»

«የንግሥቲቱ የራሷ ልጅ ብትሆኚስ? ጫማሽ ላይ ጨርቅ ሳታጠልቂ አትረግጪም።»

ቅርጫቱ ውስጥ እጇን ሰዳ ያገኘችውን አጠለቀች፤ አንዱ ጠባብ አንዱ ሰፊ ነው። የደረጃውን መደገፊያ እየያዘች ወጣች፣ በቤተ መጻሕፍቱ አለፈች፣ ላብ አጠመቃት። የንግሥቲቱ ክፍል በር ላይ ስትደርስ ከወዲያኛው በኩል የግብር አዳራሹ ጠባቂ «ሙሉ!» ብለው ሲጣሩ፣ የልጆቹም ጫጫታ ሲቃረብ ሰማች። በጨለማው ውስጥ አክስት የመስኮቱን መዝጊያ ይዛለች።

«አክስቴ፣ ሙሉ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ክፍልሽ። የዱቄት ዕቃው ላይ ያለችው ወፍ ተሰብራለች። ቅድም ስትጠይቂኝ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው ሙሉ ነው ያልኩሽ።»

አክስት መስኮቱን ከፈተች። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ሳትነካ ጎንበስ ብላ አየች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ቁጣ ብቻ ቢሆን ጭምት በቻለችው ነበር።

«እኔን? እኔን ነው የዋሸሽኝ?»

ጭምት አንገቷን ደፋች። «አዎ።»

አክስት አልፋት ሄደች። በሩ ላይ ቆማ ወደ ግብር አዳራሹ «ጎዶሎ!» ብላ ጮኸች።

የልጆቹ ጫጫታ ቀጥ አለ። «ምን አልሽ?» አሉ ሽማግሌው ጠባቂ፤ ጆሯቸውን የተጠራጠሩ ይመስላሉ።

«ጎዶሎ ነው ጋሼ! ልጆቹን እዚያው ያቆዩልኝ። ኃላፊውንም ያስጠሩልኝ።»

ተመልሳ መጥታ ጭምት ፊት ቆመች። «ማን ነው የሰበረው?»

«እሱን አልነግርሽም አክስቴ። የሰበረው ሰው ራሱ ይንገርሽ።»

«ኃላፊው ይህን አይሰማሽም። አንቺ ነሽ ቢልሽስ?»

«ይበለኝ። አንቺንስ ምን ይሉሻል?»

«እንጃ። «ሙሉ» ያልኩትን ራሴ ካነሳሁት ይሻላል፤ ሌላ ሰው ቢያነሳብኝ አልቆልኝ ነበር። ግን እንጃ» አለች አክስት። ዩኒፎርሟን ወደ ታች ሳብ ሳብ አድርጋ አስተካከለች። ከዚያ ድምፅዋ ለስለስ አለ። «አንቺ አሁን በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ውረጂና ወደ ጓደኞችሽ ሂጂ። የተናገርሽው ለኔ ይበቃል። ከኃላፊው ጋር እኔው እወጣዋለሁ።»

ጭምት በተከፈተው መስኮት ወደ ታች አየች። አግዳሚው ላይ ቀጮ ብቻውን ተቀምጦ ሦስት አይስክሬም ይዞ ግራ ቀኝ ይገላመጣል፤ እጁ ላይ እየቀለጠበት ነው። ሬዲዮ የለችም። ወደ ግቢው በር ትሂድ ወደ ደረጃው፣ ከዚህ ሆኖ አይታወቅም። ጭምት በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ጆሮዋን ጣል አደረገች፤ የሚሰማ ኮቴ የለም።

በግብር አዳራሹ በኩል የኃላፊው ጫማ ተሰማ። እሱ እንኳ ጨርቁን አጥልቆ አልመጣም፤ ወለሉ ላይ ቋ ቋ ይላል።

«ሂጂ እንጂ!» አለች አክስት በሹክሹክታ።

«አልሄድም» አለች ጭምት፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። አክስቷ አጠገብ መጥታ ቆመችና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።