ከግራ በኩል

«ጠበቅ አድርጊው እንጂ፤ ሻሽ እያሰርሽ እኮ አይደለም!» አለ ኮች ላርቲ ቀኝ እጁን ወደ ሰልጣኙ ወደ ሃዊ እንደዘረጋ።

ሃዊ ፋሻውን በአውራ ጣቱ ዙሪያ አዙራ ሳበችው። የእሱን እጅ ስታስር ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። በዚህ የቦክስ ክለብ ደግሞ ሕጉ የታወቀ ነው፤ የቦክሰኛውን እጅ ያሰረ ሰው ፎጣውን ይይዛል። ፎጣው ሪንግ ውስጥ ከተጣለ ግጥሚያው አለቀ፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ሕጉን ከአገሩ ከጋና ያመጣው ራሱ ኮች ነው። አንቱ መባልንም የከለከለው እሱ ነው። «ሪንግ ውስጥ ሽማግሌ የለም» ይላል፤ አርባ አምስቱን ከደፈነ ግን ቆይቷል።

ሪንጉም ሪንግ የሚባለው ለወጉ ነው። ቃሊቲ ዋናው መንገድ ዳር ያለ አሮጌ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ አራት ምሰሶ ተተክሎ ገመድ ዞሮበታል። ግድግዳው ላይ ቀለሙ የለቀቀ ማስታወቂያ አለ፤ ወጣቱ ላርቲ የሻምፒዮን ቀበቶ ታጥቆ ይስቃል። ያኔ አክራ ውስጥ ቡኮም ከሚባል የባሕር ዳር ሰፈር ተነስቶ ሎሜም ሌጎስም ያገኘውን ሁሉ ያሸንፍ ነበር። ለአንድ ምሽት ግጥሚያ አዲስ አበባ መጣና ተዘረረ። ያመጣው ሰውዬ በማግስቱ ስልኩን ዘጋበት። ላርቲም ተሸንፎ አገሩ መግባቱን አፍሮ ዛሬ ነገ ሲል፣ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ለጠያቂዎች ሻይ የምትሸጠውን ብዙወርቅን አገባ። አማርኛውንም የተማረው ከእሷ ነው። ብዙወርቅ አምና ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ እናቱና ስለ ባሕሩ ሆኗል።

በቅርቡ ናይሮቢ ያለ አንድ አዘጋጅ ደወለለት። ግጥሚያ አለ፤ መጀመሪያ ግን አቋሙን የሚያሳይ የሦስት ዙር ቪዲዮ ይላክ።

«አንዴ ላሸንፍና ከዚያ በቀጥታ ወደ እናቴ» ብሏት ነበር ለሃዊ።

ጉዱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ክረምት ላይ ከግራው ቆማ ውሃ ስታቀብለው በእጁ አየር ሲዳብስ አየችው። ግራ ዓይኑ አያይም። ለማንም እንዳትናገር አስማላት፤ ከዚያ ዘዴ ፈጠሩ። ከግራ በኩል ቡጢ ሲመጣ እሷ ገመዱን በመዳፏ መታ ታደርጋለች፤ እሱ ጎንበስ ይላል። ልጆቹ «ኮች እኮ ሳያይ ነው የሚያመልጠው!» ብለው ሲያብዱ እሷ በልቧ ትኮራ ነበር።

ዛሬ ግን አልኮራችም።

«ናይሮቢ ማን ይመታልሃል?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ምኑን?»

«ገመዱን ነዋ።»

ሳቀ። «እዚያ ሕዝቡ ይጮኻል። አንቺ ራስሽ ብትመቺውም አይሰማኝም።» ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት።

ከልጆቹ አንዱ ሮሪሳ ሊቀርጽ ስልኩን አነሳ። «ፍጠኑ በናታችሁ፣ የኮዬ ፈጬ ባስ ያመልጠኛል!» የክለቡ ጉልበተኛ ዱጉማ ጓንቱን አጋጭቶ ገባ።

የመጀመሪያው ዙር አማረ። ሃዊ ገመዱን መታ ስታደርግ ኮች ጎንበስ፣ እንደገና መታ ስታደርግ ጎንበስ። ወጣት መሰለ። በሁለተኛው ዙር ግን ከባድ መኪና አለፈና የቆርቆሮው ጣሪያ ተንጫጫ። ሃዊ ገመዱን መታች፤ አልሰማም። የዱጉማ ቀኝ ቡጢ ሰሌን ላይ እንዳረፈ ዱላ ጆሮ ግንዱ ላይ ጓ አለ።

ኮች አልወደቀም። ፈገግ አለና እጁን አንስቶ ለግድግዳው ተዘጋጀ። ዱጉማ ያለው በሌላ በኩል ነበር።

«ኮች፣ ሰላም ነህ?»

«ምታ! እየተቀረጸ ነው!» ወደ ድምፁ ዞረ።

ሃዊ ገመዱን እንደያዘች አሰበች። ከዚህ በኋላ ገመዱን በደንብ ከመታችለት ቪዲዮው ያምራል፣ ትኬቱም ይመጣል፣ እሱም የናፈቀውን ያገኛል። ከዚያ ግን የማያየው ቡጢ እየጠበቀው ወደዚያ ጩኸት ይገባል። የላከችው ደግሞ እሷ ትሆናለች። ኮችን ትወደዋለች፤ ከአባቷ ቀጥሎ እንደ እሱ የምትወደው ሰው የለም።

ዱጉማ ቀኙን ወደ ኋላ ሳበ። ሃዊ እጇን ከገመዱ ላይ አንስታ ፎጣውን ወረወረችው።

ዱጉማ ክንዱን አወረደ።

«ምን ሆንክ? ለምን ቆምክ?» አለ ኮች።

ፎጣው ከግራ እግሩ አጠገብ ወድቋል። መጋዘኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያዩታል።

«ፎጣ ተጥሏል፣ ኮች» አለ ዱጉማ ቀስ ብሎ።

«የታለ?» ወደ ፊት አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ሲዞር ረገጠው። አጎንብሶ ብዙ ቆየ።

«ቪዲዮውን ላጥፋው?» አለ ሮሪሳ።

«አጥፋውና እንደገና እንጀምራለን።» ኮች ጓንቱን አውልቆ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሃዊን አላያትም። «ፋሻው ላልቷል፤ እንደገና እሰሪልኝ።»

ሃዊ አጠገቡ ተንበርክካ ቋጠሮውን ፈታች። ከእጁ አንጓ፣ ከጣቶቹ መሃል፣ ከአውራ ጣቱ ላይ ቀስ እያለች ተረተረችው። ጠቅልላ ኪሷ ስትከተው ነው እንደማታስርለት ለኮች የገባው።

«እናቴ...» አለ።

እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። ተነስታ በሚያያት በኩል ዞረችና ጎኑ ተቀመጠች። ውጭ ሌላ ከባድ መኪና አለፈ።

ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛውን እጁን እንድትፈታለት ሰጣት።