የተሰፋ ኪስ

ደግፌ በዚያ ማክሰኞ እንደ ወትሮው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ገባ። የሆቴሉን መስኮቶች ከፈተ፣ ወንበሮቹን ከየጠረጴዛው አወረደ፣ የጨው ዕቃዎቹን ሞላ፣ ነጭ የአስተናጋጅ ኮቱን ለበሰ። ወደ ነቀምቴ የሚሄደው አውቶቡስ አምቦ ሲቆም ለተሳፋሪዎቹ ሻይና ዳቦ አቀረበ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስኳር ሊያመጣ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ፤ አልተመለሰም። ሁለት ሰዓት ላይ ዱሬቲ የተባለችው አስተናጋጅ ብትፈልገው በስኳሩ ጆንያ ላይ ተደፍቶ አገኘችው። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈልጧል፤ አምስት ኪሎ የሚመዝነው የሚዛን ብረት አጠገቡ ወድቋል።

የፖሊሱ መርማሪ ሻምበል ብዙነህ ሲደርስ ጉዳዩ ያለቀ መስሎ ጠበቀው።

«ጓድ ሻምበል፣ ብዙም አይድከሙ» አለው ሥራ አስኪያጁ ጓድ ወልደሰንበት፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ኮቱን እየቆለፈ። «ሟቹ የአስተናጋጆቹ የጉርሻ ሣጥን ጠባቂ ነበር። በሁላችን ፊት ብንፈትሸው ከኮት ኪሱ ሃያ ብር ወጣ። ትናንት ደግሞ ሞቱማ የሚባለው አስተናጋጅ ‹አስበላኸን› ብሎ ሲጮህበት ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ልጁን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ቆልፈንበታል። ስድስት ሰዓት ላይ የአብዮት ጥበቃ መጥቶ ይወስደዋል።»

ሻምበሉ ሰዓቱን አየ። አብዮት ጥበቃ የወሰደውን ሰው ሲመልስ በዚህ ከተማ ብዙም አልታየም።

ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። የኮቱ ግራ ኪስ አፍ በነጭ ክር ድፍን ተደርጎ ተሰፍቷል። የቀኙም እንዲሁ የተሰፋ ነበር፤ ስፌቱ ግን ከዳር እስከ ዳር በስል ነገር ተሰንጥቋል። የወጡት ሁለት የአሥር ብር ኖቶች ደግሞ ከባንክ ከወጡ ወዲህ እጅ የነካቸው አይመስሉም።

ከሞቱማ ጀመረ።

«ለምን ጮህክበት?»

«ኦቦ ሻምበል፣ የተጣላነው በሣጥኑ አይደለም፤ በደመወዛችን ነው። ደመወዜ ሃምሳ ብር ነው፤ ሃምሳ ብር ደግሞ ግብር የለበትም። ሒሳብ ሹሙ ማዕረግ ግን ከጥቅምት ጀምሮ ‹ጉርሻም ገቢ ነው፤ በወር አርባ ብር ታገኛላችሁ› ብሎ በዘጠና ብር ሒሳብ ግብር ስድስት ስድስት ብር ይቆርጥብናል። አርባ! እኔ ቅዳሜ ስንካፈል አንድ ብር ከስሙኒ ከደረሰኝ ነጋሪት አስጎስማለሁ።»

«ደግፌ ምን አደረገ?»

«ታላቃችን ነው፣ ዝም አለ ብዬ ተናደድኩ። ‹ታገስ፣ ነገ ታያለህ› ነው ያለኝ።»

ዱሬቲ ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም።

«ኪሱ ለምን ተሰፋ?»

«የዘጠኛችንም የተሰፋ ነው፤ ይኸው የእኔን ይዩ። እንዳንጠራጠር ተስማምተን ነው። እንግዳ የሰጠንን በእጃችን ይዘን ሄደን ሣጥኑ ውስጥ እንጥላለን። የሁላችንንም የሰፋው ራሱ ኦቦ ደግፌ ነው። ለአለቆች አልነገርንም፤ ምን አገባቸው?»

«ዛሬ ጠዋት የቀኝ ኪሱን አይተሻል?»

«ኤዬ፣ አይቻለሁ! ጎን ለጎን ነው የሠራነው። ደህና ነበር።»

የሒሳብ ሹሙ ቢሮ ከዕቃ ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። ማዕረግ የተሳሳተ ቁጥር ከመዝገብ ላይ በምላጭ እየፋቀ ነበር፤ ከፊቱ የምሳ ዕቃው ተቀምጧል።

«ጉርሻቸውን አርባ ብር ብሎ የገመተው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። እንዲያውም አሳንሼላቸዋለሁ። ድሃ መስለው ነው እንጂ የእንግዳ ብር ታቅፈው ነው የሚገቡት።»

«እርስዎ እዚህ ተመግበው ያውቃሉ?»

«እኔ? በእነሱ እጅ?» አለና ወደ ምሳ ዕቃው በአገጩ ጠቆመ።

ሻምበሉ ወደ አውራጃው ገንዘብ ቤት ስልክ ደወለ። ከዚያም አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ፤ ሞቱማንም አስመጣ። የጉርሻ ሣጥኑን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ሳንቲም ተንኮሻኮሸ፤ ከመሃሉ አንዲት የተቀዳደደች የአንድ ብር ኖት ወጣች።

«ከዚህ ውስጥ የአሥር ብር ኖት አውጡልኝ» አለ።

ሻምበሉ ራሱ ሳንቲሙን በጣቱ በተነው፤ የአሥር ብር ኖት የለም።

«ሟቹ ሌባ ቢሆን ኖሮ ስፌቱን ፈትቶ መልሶ ይሰፋ ነበር እንጂ፣ የተሰነጠቀ ኪስ ይዞ በስምንት ባልደረቦቹ ፊት አይመላለስም። ኪሱ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ደህና ነበር። ስለዚህ ብሩን የከተተው ገዳዩ ነው፤ ኪሱ እንደተሰፋ የማያውቅ፣ ሲደርስበትም በስል ነገር የሰነጠቀው። አስተናጋጅ አይደለም፤ አስተናጋጅ ሌላውን በጉርሻ ሊወነጅል ቢያስብ ሳንቲም ይበትናል እንጂ አሥር ብር ከየት ያመጣል? ጓድ ወልደሰንበትም አይደሉም።»

«እኔማ ጉርሻ እሰጣለሁ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አሥር ሳንቲም» አለች ዱሬቲ።

«እሱን ነው የምለው» አለ ሻምበሉ። «ጓድ ከአሥር ሳንቲም በላይ የሚሰጥ እንግዳ አለ ቢባሉ አያምኑም። ጉርሻ በአሥር ብር ኖት ይሰጣል ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ አለ፤ በዕድሜው ጉርሻ ሰጥቶ የማያውቅ። ማዕረግ፣ አርባ ብሩን የገመትከው አንተ ነህ። ከዘጠኝ ሰው በየወሩ ስድስት ብር፣ ስምንት ወር፦ አራት መቶ ሠላሳ ሁለት ብር። ገንዘብ ቤቱ ከዚያ አንዲት ሳንቲም አልገባችም። ደግፌ ትናንት እዚያው ድረስ ሄዶ ጠይቋል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንተን ደረሰኝ ጠየቀህ። ገደልከውና የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አልክ። ምላጭህን አምጣ።»

የምላጩ ዳር ላይ ነጭ ክር ተንጠልጥሎ ነበር።

«አስተናጋጅ!» አለ ማዕረግ፤ ከመግደሉ ይልቅ መደፈሩ የቆረቆረው ይመስል ነበር። «ሰሃን የሚያመላልስ ሰው እኔን ደረሰኝ ይጠይቀኝ?»

«መጠየቁን አመንክ» አለ ሻምበሉ፣ ካቴናውን እያወጣ። «ደመወዛቸው ላይ የፈረሙት እርስዎስ፣ ጓድ ወልደሰንበት?»

«እኔ… የቀረበልኝን ነው የፈረምኩት» አለ ወልደሰንበት።

«ሳያነቡ። እሱንም እጽፈዋለሁ።»

አብዮት ጥበቃዎቹ ስድስት ሰዓት ላይ መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሞቱማ ለምሳ እንግዶች ሰሃን አነሳ። ከማዕረግ ተይዞ ለፍርድ ቤት የቀረበው ገንዘብ ግን «በግብር ስም ስለተሰበሰበ» ተብሎ ለመንግሥት ገቢ ሆነ፤ ለአስተናጋጆቹ የተመለሰ የለም።

በወሩ መጨረሻ የደግፌ ሚስት ሮማነወርቅ የባሏን የመጨረሻ ደመወዝ ልትቀበል መጣች። ቅጹ ቀድሞ ተሞልቶ ስለ ነበር ስድስቷ ብር ተቀንሳለች። አዲሱ ሒሳብ ሹም ይቅርታ ጠየቃትና በሚቀጥለው ወር እንደሚያስተካክለው ነገራት።

«የሚቀጥለው ወር የለም» አለችው።

ፈርማ ወጣች። ከቤቷ የጎደለው ስድስቷ ብር ሳትሆን ደግፌ ነው።