ከሰባተኛዋ ወንበር ያወጣሁት ጨው

እኔ እንድሪስ እባላለሁ፣ ቆቦ ውስጥ በርና መስኮት እየበየድኩ ልጆች የማሳድግ ሰው ነኝ፣ እና ወዳጄ፣ ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ይሄን እወቅልኝ፣ ጂን ታየ፣ ዛፍ ሥር ድምፅ ተሰማ ሲሉኝ ሆዴን ይዤ ስስቅ የኖርኩ ነኝ፣ ባለቤቴ ዘሀራ እንዲያውም «ያንተ ልብ ራሱ ብረት ነው» ትለኛለች። ብረት ደግሞ አይዋሽም፣ ከተሰነጠቀ ተሰነጠቀ፣ ደህና ከሆነ ደህና ነው። ይሄን ታሪክ ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ ጫቱ ነው የሚያናግረው ብዬ አልፈው ነበር። ወላሂ ግን በዚህ ዓይኔ ያየሁት ነው፣ ያውም በጨለማ አይደለም፣ ፀሐይ ዞብል ተራራ ላይ እያበራች፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየ ነው።

ለኢድ በዓል ሰይድ የሚባል የከተማችን ነጋዴ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ ሽክርክሪት አስተከለ፣ ያ እንደ ብስክሌት ጎማ ቆሞ የሚዞረው፣ ዙሪያውን ወንበር የተንጠለጠለበት። አሮጌ ነው። ድሮ ቀይ ባሕር ላይ ባለ የወደብ ከተማ፣ ውሃው አፍ ላይ በነበረ የመዝናኛ ቦታ ቆሞ የሀብታም ልጆች ሲጫወቱበት የነበረ ነው አሉ፣ እግሩ ላይ እስካሁን በጣሊያንኛ የተጻፈበት የነሐስ ሰሌዳ አለ። አቦይ ሀጎስ የሚባሉ ሽማግሌ አብረውት መጥተዋል፣ እዚያ ወደቡ ላይ ሳለ ጀምረው የሚያዞሩት እሳቸው ናቸው። የኔ ሥራ ደኅንነቱ ነው። በየጠዋቱ ብሎኑን አጠብቃለሁ፣ ግራሶ እቀባለሁ፣ ወንበሮቹ የተንጠለጠሉበትን ፒን አንድ በአንድ በመዶሻ እየነካሁ ድምፁን እሰማለሁ፣ ከዚያ ልጅ ሳይወጣ በፊት በየወንበሩ ማሽላ በጆንያ ጭነን ሁለት ሦስት ዙር እናዞራለን። «ማሽላ ወድቆ ለቅሶ አያስቀምጥም» እላቸው ነበር፣ እና እመነኝ፣ እንኳን ልጅ፣ አንድ ጆንያ ወድቆብኝ አያውቅም።

ወንበሮቹ አሥራ ሁለት ናቸው፣ ሰባተኛዋ ላይ ግን ሰው አይቀመጥም። መግቢያዋ በሽቦ ታስሯል፣ ውስጧ በጆንያ የተጠቀለለ ጨው አለ፣ ያ ከአፋር የሚመጣው አሞሌ። መጀመሪያ ቀን ጠየቅኳቸው።

«አቦይ፣ ይሄ ጨው ምን ይሠራል?»

«ተወው ወደይ፣ ተይዛለች» አሉኝ፣ ወደይ የሚሉት ልጄ ለማለት ነው።

«በማን?»

«አንተ ብሎንህን ጠብቅ» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

የኢድ ማግስት አቦይ ሀጎስ ለቅሶ ኖሮባቸው አላማጣ ሄዱ። እኔ እንደ ልማዴ ፒኖቹን ሳይ፣ እሳቸው ሲኖሩ የማያስነኩኝ ሰባተኛዋ ጋ ስደርስ ደሜ ፈላ፣ ፒኗ ዝጎ ዝጎ ግማሽ ሆኗል። ጨው ብረት ይበላል፣ ይሄን ለማወቅ በያጅ መሆን አያስፈልግም፣ ሽማግሌው ግን በገዛ እጃቸው ብረቱን ሲያስበሉት ኖረዋል። አዲስ ፒን ገጠምኩ፣ ሽቦውን ቆረጥኩ፣ ጨዉን ከነጆንያው ተሸክሜ አጥሩ ጋ ጣልኩት። ተሸክሜው ስሄድ፣ አሁን ሳስበው ነው እንጂ ያኔስ ልብ አላልኩትም፣ ክብደቱ ልክ የተኛ ልጅ እንደመሸከም ነበር።

አንድ የአፋር ሰው ግመሎቹን እየነዳ ወደ ገበያ ሲያልፍ አየሁትና ጆንያውን ፈትቼ «ይላሱት፣ ሰደቃ ነው» አልኩት። የፊተኛዋ ግመል አንገቷን አስግጋ መጣች፣ አሸተተች፣ ከዚያ እግሯ እየተደነቃቀፈ ወደኋላ ሸሸች፣ የኋላዎቹንም ይዛቸው ልትሄድ ነበር። ግመል ጨው እምቢ ሲል አይቼ አላውቅም። ሰውዬውም አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ አንዴ ጨዉን አንዴ እኔን አየና ግመሎቹን አስፋልቱን አሻግሮ በወዲያኛው ዳር ወሰዳቸው። እኔ ምን አልኩ? «ጠግባ ነው» ብዬ ሳቅኩ። አይ እኔ!

ከአስር ሶላት በኋላ ሜዳው ሞላ፣ ከጎብዬ ሳይቀር በሚኒባስ ተጭነው መጥተዋል፣ ሰልፉ እስከ ባጃጅ ተራው ደረሰ፣ ልጆቹ በፀሐይ እየተገፋፉ ያለቅሳሉ። ሰባተኛዋ ግን ባዶዋን ትዞራለች። ሁሉም ታስራ ስለሚያውቃት ልጁን የሚያስቀምጥባት ጠፋ፣ አንዲት እናት ጭራሽ «ይቺ ብልሽት ያለባት አይደለችም?» ብላ ልጇን ከእጄ ቀማችኝ። ይሄ ነው ያቃጠለኝ። በገዛ እጄ የሠራኋትን! ወሎዬ ክብሩን ሲነኩት እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ፣ «ከኔ ልጅ የናንተ አይበልጥም» አልኩና የስምንት ዓመቷን ልጄን ሀያትን ከእናቷ አጠገብ አንስቼ አስቀመጥኳት።

«እንድሪስ፣ በአላህ ተው፣ ሌላዋ ላይ ትውጣ» አለችኝ ዘሀራ፣ የልጅቷን ቀሚስ ጫፍ እንደያዘች።

«ምን ሆነሽ ነው? ሰው እያየ ነው እኮ» አልኳት።

ሰው እያየ ነው። ልጄን ለዚህ ነው ያስቀመጥኳት፣ ሌላ ምክንያት የለኝም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። መዝጊያውን ብረት አወረድኩ፣ ፒኑን ከተትኩ፣ በላዩ ላይ ሽቦ ሦስት ጊዜ ጠመዘዝኩበት።

ሦስተኛው ዙር ላይ መብራት ጠፋ። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ መብራት ሲጠፋ እኔና ሰይድ በእጅ ማዞሪያው እያዞርን ልጆቹን ወንበር በወንበር እናወርዳለን። ሞተሩ ዝም ሲል ነው የሰማሁት። ሩቅ ቦታ ገልባጭ መኪና አሸዋ ሲያራግፍ የሚሰማ ዓይነት ሹሹታ፣ ከዚያ አሸዋው ተመልሶ የሚጎተት ይመስላል፣ ከዚያ ደግሞ ይራገፋል። አስፋልቱን አየሁ፣ መኪና የለም። ቀጥሎ ሽታ መጣ፣ የረጠበ ብረትና የዓሣ ሽታ፣ ወላሂ ዓሣ፣ በቆቦ!

«ሰማኸው?» አለኝ ሰይድ።

«ነፋስ ነው» አልኩት፣ ከሜዳው ማዶ ያለው ማሽላ ግን አንድ ቅጠሉም አይነቃነቅም።

አንደኛዋን አወረድን፣ ሁለተኛዋን፣ እንዲህ እንዲህ እያልን ስድስተኛዋ ደረሰች፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ወርዳ ጫማዋን እያስተካከለች ሄደች። ሰባተኛዋ መጣች። ባዶ ናት።

እስኪ አንተ ምን ታደርጋለህ? እኔ መጀመሪያ ያየሁት ወደ መሬት ነው፣ ከሥር፣ ከብረቶቹ መሐል፣ የልጄን ቀሚስ ፍለጋ። የለም። መዝጊያው እንደተዘጋ ነው፣ ፒኑ ቦታው ላይ ነው፣ ሽቦው እኔ እንደጠመዘዝኩት፣ ሦስት ጊዜ፣ ወደ ቀኝ። እጄን ወንበሩ ላይ አሳረፍኩ፣ ርሷል፣ እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል። ዘሀራ «ልጄስ? እንድሪስ፣ ልጄስ?» ትላለች፣ አትጮህም፣ ቀስ ብላ ነው የምትጠይቀኝ፣ እሱ ነው የገደለኝ። ከስድስተኛዋ የወረደችው ልጅ ደግሞ ዘወር ብላ «አሁን ከኋላዬ ስትስቅ ነበር እኮ» አለች። እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አዙረው!» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ዘሀራ መስላኝ ነበር፣ በኋላ ስጠይቃት አፌን አልከፈትኩም አለችኝ። ብቻ ተነሣሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ ማዞሪያውን ያዝኩ፣ ሰይድም ያዘ፣ ሰባተኛዋ ወደ ላይ ወጣች፣ ጫፍ ደረሰች፣ ያ ሹሹታ ጆሮዬ ውስጥ የገባ ያህል ቀረበ፣ ከዚያ መውረድ ጀመረች። አንድ ዙር ነው፣ ከአንድ ፋቲሃ አይረዝምም። ስትወርድ ሀያት ውስጧ ተቀምጣለች፣ ራሷን ወደ ጎን ጥላ፣ ተኝታ። ሽቦውን መፍታት አቃተኝ፣ ሰይድ ነው የፈታው።

«አባዬ፣ ለምን ቀሰቀስከኝ?» አለችኝ።

ዘሀራ ቀምታኝ አቀፈቻት፣ ሳመቻት፣ ከዚያ ከንፈሯን ጠረገች። «ጨው ጨው ትላለች» አለችኝ። ከዚያ ሻሹን ከልጅቷ ራስ ላይ ገፈፈችው። ለኢድ ብላ ራሷ ዘሀራ አራት ወፋፍራም ጉንጉን አድርጋ ነበር የሠራቻት። አራቱም የሉም። ከግንባሯ የጀመረ ቀጫጭን ሹሩባ፣ ተቆጥሮ የማያልቅ፣ በጆሮዋ ዙሪያ እየከበበ ወደ ማጅራቷ የሚሄድ፣ የእያንዳንዱ ጫፍ በማናውቀው ክር የታሰረ። የራያ ሰው ሹሩባ አይቸግረውም፣ እንዲህ ያለ ሥራ ግን እኛም አናውቅ፣ ጎረቤትም አያውቅ። ዘሀራ ራሷ ሠሪ ናት፣ ጥሩ እጅ ላላትም የአንድ ቀን ሥራ ነው አለች። እኛ ያዞርነው አንድ ዙር!

«ማናት የሠራችሽ?»

«ሴትዮዋ ናት» አለች ሀያት። «ቁጭ በይ አለችኝና ሠራችኝ። ስትሠራኝ ታለቅሳለች።»

አቦይ ሀጎስ በማግስቱ ተመለሱ። የልጅቷን ራስ አዩና ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ከዚያ «ጨዉስ?» አሉኝ። አጥሩ ጋ ሄድን፣ ጆንያው ብቻ ነው ያለው፣ ርጥብ፣ ዝናብ ባልዘነበበት።

«እኔ ምን አውቃለሁ ወደይ» አሉ። «ሽክርክሪቱን ያስረከቡኝ ሰውዬ ናቸው የነገሩኝ። አንዲት ልጅ እዚያች ወንበር ላይ ወጥታ ሳትወርድ ቀረች፣ እናቷ እስክትሞት ድረስ ከሥር ቆማ ትጠብቅ ነበር፣ በልጅቷ ክብደት ጨው አስቀምጥ አሉኝ፣ አስቀመጥኩ። ይኸው ሸበትኩበት።»

«ወንበሯ ባዶ እንዳትሆን ነው ወይስ ሌላ ልጅ እንዳይቀመጥባት?» አልኳቸው።

ርጥቡን ጆንያ አንሥተው እያጠፉ ወደ ሽክርክሪቱ ሄዱ። ሰይድ በዚያው ሳምንት ሽክርክሪቱን አስፈትቶ በመኪና ጭኖ ሰደደው፣ አቦይም አብረውት ሄዱ፣ የት እንደወሰዱት አልጠየቅኩም፣ ማወቅም አልፈለግኩም።

አሁን ያለሁበትን ልንገርህ። ያን ሰሞን ዘሀራ ሹሩባውን ልትፈታው ተነሥታ ነበር፣ መቀሱን ስታይ ግን ሀያት ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ለመነቻት። «እማዬ፣ አትንኪው፣ ሲላላ እኔው መጥቼ እሠራሻለሁ ብላኛለች።» ዘሀራ መቀሱን አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ በየማታው ልጅቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ሹሩባውን ሥሩ ድረስ እየዳበሰች ታያለች፣ የላላ ቢገኝ እንደዚያ አድርጋ ለማጥበቅ በጎረቤት ልጅ ራስ ላይ ተለማመደች፣ አልሆነላትም፣ አያያዙ ከየት እንደሚጀምር እንኳ አልገባትም። ጸጉር ደግሞ ታውቃለህ፣ ያድጋል፣ በዱዓ አይቆምም። ሥራ ትቼ ቤት ውያለሁ፣ ሰው አመመው ይላል።

ዛሬ ጠዋት ከጆሮዋ ጀርባ ያለችው አንዷ ሹሩባ ላልታ አገኘናት።