በዳኒኤሌ ስም የተባለው አቤት

ጀልባዋ ላይ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን፣ አንድ በአንድ ልጥራቸው። ካፒቴኑ ማርኮ፣ ጠላቂዎቹን የምትመራው ሲልቪያ፣ ምግብ የሚያበስሉልን እትዬ ዘውዴ፣ ከዚያ ለመጥለቅ የመጡት አምስቱ፣ ማለትም ፓኦሎና ሚስቱ ጆቫና፣ ወንድማማቾቹ ሉካና አንድሬያ፣ ጡረታ የወጣው የጥርስ ቴክኒሻን ዳኒኤሌ፣ መጨረሻ ላይ እኔ፣ ዳንኤል። ሐበሾች እኔና እትዬ ዘውዴ ብቻ ነበርን፣ ይሄን ከወዲሁ የምነግርህ ኋላ ላይ ሌላ አማርኛ የሚችል ሰው ኖሮ ይሆናል እንዳትለኝ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ፣ በቀትር ወንዝ አትውረድ፣ ያላየኸው ሰው ሲጠራህ አቤት አትበል እያሉ ሲያስፈራሩኝ እንኳ በልቤ እስቅ ነበር። ሥራዬ ሮም አጠገብ ኦስቲያ፣ አንድ የጠላቂዎች ሱቅ ውስጥ ሲሊንደር አየር መሙላት ነው፣ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፣ የማሽኑን መመሪያ ከመዝገበ ቃላት ጋር ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው የገባኝ፣ ስለዚህ እኔ የማምነው የግፊት መለኪያውን ነው፣ መርፌው የቆመበትን።

ሱቁ በዓመት አንዴ ደንበኞቹን ራቅ ወዳለ ደሴት ይወስዳል፣ እዚያው ጀልባ ላይ እየበሉ፣ እዚያው እየተኙ ይጠልቃሉ። በዚያ ዓመት ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ በጊዜ ታድሶልኝ ስለነበር እኔም ሲሊንደር ልሞላላቸው ሄድኩ። ከሮም በአውሮፕላን፣ ከዚያ አትላንቲክ ላይ ካለች አንዲት ወደብ ተነስተን ሠላሳ አንድ ሰዓት በጀልባ፣ የደረስንባት ደሴት ጥቁር ድንጋይና ወፍ ብቻ ናት፣ ሰው የሚባል አይኖርባትም። እትዬ ዘውዴ የማርኮን እናት ሮም ውስጥ እስከ መጨረሻዋ ያስታመሙ ሴት ናቸው፣ እናቱ ካረፈች በኋላም ማርኮ ከእሳቸው እጅ በቀር አልበላም ብሎ በየጉዞው ይዟቸው ይሄዳል።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ አንድ ደንብ ልንገርህ፣ ታሪኩ የሚዞረው በሱ ላይ ነው። ጠላቂዎቹ ከውሃ ሲመለሱ ሲልቪያ የጀልባዋ ወለል ላይ ቆማ ስም ትጠራለች፣ የተጠራው ራሱ "ፕሬዘንቴ"፣ አለሁ እንደማለት፣ ይላል፣ እኔ በሰሌዳው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ስለ ሌላ ሰው መመለስ ክልክል ነው። ጣሊያኖቹ ግን በሁለተኛው ቀን ይቺን ደንብ ቀለዱባት፣ ዳኒኤሌ ሲጠራ ሉካ ቀድሞ ሽንት ቤት ነው፣ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዷል አለ፣ ሁሉም ሳቁ፣ ሲልቪያም ስቃ ምልክቱን አድርግ አለችኝ። አደረግሁ፣ ዳኒኤሌም በእርግጥ ሽንት ቤት ነበር፣ እኔ ግን ሲወጣ በዓይኔ እስካየው ሰሌዳውን አላስቀመጥኩም።

በአራተኛው ቀን የመጨረሻው የመጥለቅ ዙር ቀትር ላይ ሆነ፣ ነፋሱ ሊነሳ ስለሆነ ማርኮ በሰባት ሰዓት መልሕቅ አንስቶ ወደ ወደቡ መመለስ ፈልጓል። እትዬ ዘውዴ አልወደዱትም። ጭንቅላታቸውን ከማድ ቤቱ ክብ መስኮት አውጥተው፣

"ዳኒዬ፣ በቀትር ደግሞ ውሃ ይገባል? ምሳ ይቅደም በላቸው" አሉኝ።

እኔም ለማርኮ ምሳ ደርሷል ብዬ ብቻ ተረጎምኩለት፣ እሱ ሲመለሱ ይበላሉ አለ፣ ገቡ።

ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ ማርኮ በትንሿ የጎማ ጀልባ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ አመጣቸው። እኔ ከአየር መሙያው ማሽን ሥር ጎንበስ ብዬ ማጣሪያ እያጠበቅሁ ነበር፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸዋለሁ፣ ግን ሁልጊዜ በጆሮዬ እቆጥራለሁ፣ ሲሊንደር ቦታው ላይ ሲቀመጥ የሚሰጠው ድምፅ አይሳትም፣ የሲልቪያ አንድ የአምስቱ አምስት፣ ስድስት ጊዜ ጓ አለ። እመነኝ፣ ስድስት ነው የቆጠርኩት። ከዚያ ዝም አለ። አራት ቀን ሙሉ ሲንጫጩ የሰነበቱት ወፎችም ዝም ብለው ነበር፣ ይሄን ያኔ አላስተዋልኩትም፣ አሁን ስጽፍ ነው ትዝ የሚለኝ፣ ስለዚህ በዚህኛው አልምልም።

ሰሌዳውን ይዤ ሲልቪያ አጠገብ ቆምኩ። ሞተሩ ተነስቷል፣ ሲልቪያ አንገቷን ደፍታ ፀጉሯን በፎጣ እየጠረገች ትጠራለች። ፓኦሎ፣ ፕሬዘንቴ። ሉካ፣ ፕሬዘንቴ። አንድሬያ፣ ፕሬዘንቴ። ዳኒኤሌ።

"አቤት።"

ከግራዬ ነው የመጣው፣ እርጥብ ልብሶቹ ከሚሰቀሉበት በኩል። ረጋ ያለ ድምፅ ነው፣ ከጓዳ የተጠራ ልጅ ለታላቁ እንደሚመልሰው መጨረሻዋን ሳብ ያደረገ። ጥሪው ቀጠለ፣ ጆቫናም ፕሬዘንቴ አለች፣ እጄ ለሁለቱም ምልክት አደረገ፣ ማርኮ መልሕቁን አንስቶ ጀልባዋን ማዞር ጀመረ። እኔ ግን ሰሌዳውን እያየሁ ቀረሁ። ዳኒኤሌ አቤት ማለትን ከየት ተማረ?

ጀልባዋ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን፣

"ሲልቪያ፣ ዳኒኤሌን እንደገና ጥሪው" አልኩ።

"ዳኒ፣ ጨርሰናል እኮ፣ ቫ ቤኔ፣ ሁሉም ደህና ነው።"

"እሱን ብቻ ጥሪው።"

ጠራችው። ማንም አልመለሰም። ሉካ በልማዱ ሽንት ቤት ይሆናል አለ፣ ወርጄ በሩን ከፈትኩ፣ ባዶ ነው፣ አልጋው ባዶ ነው፣ የልብሱ መስቀያ ባዶ ነው። ሲሊንደሮቹ ጋ ሄድኩ፣ አምስት ናቸው፣ የሱ ቦታ ላይ ምንም የለም። ማርኮ በመጀመሪያው ዙር ያመጣው መስሎት፣ በዚያ ዙር የመጡት ደግሞ በሁለተኛው የሚመጣ መስሏቸው፣ ሰውዬው ውቅያኖስ ላይ ቀርቷል። እሱ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ይተኛል፣ ስለዚህ እስከ እራት ማንም አይፈልገውም ነበር፣ እስከ እራት ደግሞ እኛ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቀን ነበር።

አርባ ደቂቃ ፈለግነው። ጆቫና ናት ያየችው፣ ማዕበሉ ከፍ ሲል ብቻ ብቅ የምትል ብርቱካናማ ነገር፣ ጠላቂዎች ለምልክት የሚነፏት ረጅም ፊኛ ነበረች። ስናወጣው ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፣ መናገር አልቻለም፣ እትዬ ዘውዴ በብርድ ልብስ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ሾርባ በማንኪያ አጎረሱት። አፉ ሲፈታለት የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ሰሜን፣ ወደ ወደቡ፣ ሲዞር አይቶ ልጁን በልቡ ይሰናበት እንደነበረ ነገረን፣ ከዚያ ማን እንዳስተዋለ ጠየቀ፣ ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ።

አሁን፣ የምታስበውን አውቃለሁ። ስማችን አንድ ነው፣ ዳኒኤሌ ሲባል ሳላስበው እኔው አቤት ብዬ ይሆናል። ሲልቪያም የምትለው ይሄንኑ ነው። እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ ራሴን ላሳምን ሞክሬ ነበር፣ ግን ያኔ የሲሊንደር ጎማ ቀለበት በጥርሴ ነክሼ ነበር፣ የሥራ ልማዴ ነው፣ ሮም ስመለስ መስታወት ፊት ቆሜ ቀለበቱን ነክሼ አቤት ብዬ ሞከርኩት፣ ይወጣል፣ ግን ታፍኖ ነው የሚወጣው። የሰማሁት ጥርት ያለ ነበር።

እትዬ ዘውዴ በክብ መስኮታቸው ሰምተውታል። በማግስቱ ሽንኩርት እየላጥኩላቸው ድምፁ የኔ ነበር እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ያንተማ አልነበረም፤ አንተ አቤት ስትል እንደ ተበዳሪ ታሳጥራታለህ" አሉኝ።

"ታዲያ ማን ነው ይላሉ?"

"በሰው ስም አቤት የሚል ደግ ነገር አይደለም፣ ልጄ። ሰውየውን ሊያስቀረው ነው።"

እኔ ደግሞ፣ ሊያስቀረው ቢፈልግ በጣሊያንኛ ነበር የሚመልሰው፣ ማናችንም አንነቃም ነበር፣ ዝም ቢልም ሉካ ሽንት ቤት ነው ይል ነበር አልኳቸው። ቢላውን አስቀምጠው የላጥኩትን ሽንኩርት ሰበሰቡ።

"እንግዲያው ማንም ይሁን፣ አመስግንና ዝም በል" አሉኝ።

ማመስገኑን አመሰግናለሁ፣ ዝም ማለቱ ነው ያቃተኝ። ዳኒኤሌ አሁን ሱቁ ድረስ እየመጣ እጄን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ልጁ የወለደችውን ሕፃን ፎቶ ያሳየኛል፣ በሕይወት ኖሮ ማቀፉን እያየሁ እኔም ደስ ይለኛል፣ ግን ምስጋናውን በአደራ የተቀበልኩ ያህል ነው የሚሰማኝ፣ ለማን እንደማደርሰው አላውቅም።

ይሄንኑ በጣሊያንኛ ጽፌ ለሁሉም ልኬዋለሁ። ፓኦሎ፣ አንድሬያ፣ የሰማችሁትን ጨምሩበት። ሉካ፣ አንተም ቀልዱን ትተህ ጨምር። እትዬ ዘውዴ፣ የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ። ጆቫና ባለፈው ሳምንት ደውላ አንድ ነገር ጨምራለች፣ ያ ድምፅ ሲመልስ ሲልቪያ ከፎጣው ቀና ብላ፣ እኔ ወዳለሁበት ሳይሆን ወደ ልብሶቹ አይታ፣ እሺ እንደሚባለው ራሷን ነቀነቀች ትላለች። ሲልቪያ መልእክቴን አንብባዋለች፣ እስካሁን አልመለሰችልኝም። እኔ ማወቅ የምፈልገው ይቺን ብቻ ነው፣ ሲልቪያ፣ ራስሽን የነቀነቅሽው ለማን ነበር?