የሳንቲሙ ጀርባ

በማርሷ ከተማ በቀይ ዳሎል ሰው ሲሞት፣ ቤተሰቡ በአንገቱ የሚያንጠለጥለው ሳንቲም ለሣልስት ይደርሳል። ከሟቹ ደም የተጣራ ብረት ከናስ ጋር ይቀልጥና በአንድ በኩል ፊቱ፣ በጀርባው የከተማው ዓርማ ይመታበታል፤ በፊቱ ጠርዝ ዙሪያ ባሉት ስስ ጭረቶች ደግሞ የመጨረሻ ቃሉ በራሱ ድምፅ ይቀረጻል። ከዚያ ሳንቲም መቺው ማሽን ሌላውን የሟቹን ምስልና ድምፅ ሁሉ ይደመስሳል። ማርስ ላይ የሰፈረው ሕዝብ በፊት ጊዜ ከሙታን ምስል ጋር ሲያወራ እየዋለ ሥራ ፈትቶ ነበርና ሕጉ ጠነከረ። አንድ ሰው፣ አንድ ሳንቲም፣ በቃ! በከተማው ያለ መሣሪያ ሁሉ የሙት ፊትና ድምፅ አይቀዳም።

የአስካለ ሥራ የሳንቲም ስህተት መለየትና ፍቆ ማረም ነው። ጠርዙ የተነከሰ ሲመጣላት «ብረቱ ሲቆረጥ ቀድሞ በተቆረጠው ቀዳዳ ላይ አርፎ ነው» ትላለች። ምስሉ ወደ ዳር የሸሸ ከሆነ ደግሞ «ሳይደላደል ተመትቶ ነው» ትላለች። አንዴ አይታ ትጨርሳለች።

የገዛ ልጇ ሳንቲም ግን የት እንደገባ አላወቀችም። አንዷለም የበረዶ ዋሻ ተደርምሶበት ሞተ፤ ሳንቲሙም ከማሽኑ ሳይወጣ ቀረ። ጠጋኞቹ ከውስጡ የተጨማደደ ብረት አውጥተው ማቅለጫ ውስጥ ጣሉት። ምንድነው ብሎ ያየ እንኳ የለም። ትናንት በሣልስቱ ባዶ እጇን ቆመች፤ ወይ ነዶ! ልጇ ከሞተ ጀምሮ ራት ሲደርስ ሳህኑን ከድና ትጠብቀዋለች። ዛሬ ቤት ውሎ ከማበድ ይሻላል ብላ ሥራ ገባች።

ገና ከመቀመጧ አቶ ዘርጋው የሚባሉ ሰው ዓይናቸው ቀልቶ መጡ።

«እህቴ፣ ይቺን እዪልኝ። ፊቷስ ልጄ ናት። ጀርባዋ ላይ ዓርማው ቀርቶ ይሄ ጉድጓድ ምንድነው? ከሰዓት ሣልስቷ ነው።»

አስካለ አጉሊ መነጽሯን አደረገች። «ከልጅዎ በፊት የተመታው ሳንቲም ዓርማውን በሚያትመው በላይኛው ብረት ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ማሽኑ እንደገና ሲወርድ በዓርማው ፈንታ ያ ሳንቲም ነው ጀርባዋን የመታት። ስለዚህ የዚያ ሰው ፊት ወደ ውስጥ ሰርጎ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ...»

ከጉድጓዱ ውስጥ ቅንድቡ የተሰነጠቀ ወጣት ያያታል። ያን ቅንድብ በልጅነቱ ሐኪም ዘንድ ወስዳ ያሰፋችው እሷ ናት።

የማድመጫውን መርፌ ጠርዙ ላይ አስቀመጠች፤ ጭረቱ ስለተገለበጠ ወደ ኋላ አዞረችው።

«እማ፣ ዛሬ አመሻለሁ። አትጠብቂኝ፤ ቀድመሽ ብዪ።»

«ማነው?» አሉ አቶ ዘርጋው።

«ልጄ።»

ሰውየው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። «ታዲያ እንዴት ይፋቃል? ተይው በቃ! ለእናቷ እኔ እነግራታለሁ።»

አስካለ ሳንቲሙን ጨበጠችው። ዝም ብላ ብትሰጣቸው ልጇ በሰው አንገት ላይም ቢሆን ይኖር ነበር። ግን በሣልስት ለቀስተኛው ሁሉ ሳንቲሙን ፊትና ጀርባውን ይስማል። እናቲቱም ባገላበጠችው ቁጥር የሌላ ሰው ሬሳ ልታይ ነው። የወለደ አንጀት ይሄን ያውቀዋል።

«አይሆንም» አለች። «እሷን የራሷ ሐዘን ይበቃታል።»

ለማሽን አልሰጠችውም፤ በእጇ ፋቀችው። ቅንድቡ ሄደ፤ አፍንጫው ሄደ። ከንፈሩ ላይ ስትደርስ እጇ እምቢ አላት። አቶ ዘርጋው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ጨረሰችው፤ ዓርማውንም አስመታችበት።

ፍቅፋቂው የሟች ደም ነውና ለቤተሰብ ይመለሳል። አቶ ዘርጋው በወረቀት ጠቅልለው ወጡ፤ በር ላይ ቆም አሉና ተመለሱ።

«ይሄ የልጄ ነው። ግን የልጅሽን ፊት አቅፎ ያቆየልሽም እሱ ነው። ያዢው፤ እግዜር ያጽናሽ» ብለው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

«ስህተቱ ታርሟል» አለ ማሽኑ። ምን ያውቃል እሱ! ሁሉን እንደ ሕጉ ሲሠራ ልጇን ደመሰሰባት፤ ለአንድ ጠዋት የመለሰላት ሲሳሳት ነው።

ራት ሲደርስ አስካለ ወረቀቱን በአንዷለም ቦታ አስቀመጠች። አንድ ሳህን ብቻ አወጣች። አልጠበቀችውም። እያለቀሰች ቀድማ በላች።